የአያት ትራምፔት በልጅ ከንፈር

ቁም ሣጥን ሲያራግፉ፣ ወይም የወላጆችዎን ቤት ሲያስተካክሉ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ፣ አፉ ሰፊ ጭራው ቀጭን የሆነ፣ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር ብረት አግኝተው ያውቁ ይሆን? የአሮጌ መብራት ቁራጭ መስሎዎት ከመጣልዎ በፊት ትንሽ ይታገሡ። ምናልባት ማውዝፒስ ይሆናል፤ የትራምፔት መንፊያ፣ ማለትም ነፊው ከንፈሩን የሚያሳርፍበት ተነቃይ ጫፍ። ጥቁር የሆነውም ከላይ የተቀባው ብር ስለሆነ ነው።

እኛ ቤት የተገኘው ባለፈው ክረምት ነው። አባቴ ከ30 ዓመት በላይ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ኖሮ በጡረታ የተገለለ ሰው ነበር። ትራምፔቱ የመሥሪያ ቤቱ ስለነበር አስረክቦ ወጣ። ማውዝፒሱ ግን የራሱ ነበርና ይዞት ቀረ። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ በትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ክበብ ትራምፔት መማር ስትጀምር እማዬ ነች «ቆይ፣ የአያትሽ ዕቃ አለ» ብላ ከሣጥኗ ሥር ያወጣችው። ልጄ ጥቁረቱን እንኳ አላየችም። «እኔ የምነፋው በዚህ ነው!» አለች።

እማዬም እንደ ማንኛዋም ባለሙያ እናት መጀመሪያ ይታጠብ አለች። አመድ በሎሚ ለውሳ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይዛ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ከሥራ ስመለስ ግማሹን አጠናቃዋለች። በእርግጥም ያበራል። ነገር ግን ከሚያበራው ነጭ መሐል ቢጫ ነገር ብቅ ብሏል። «ወርቅ ነው እንዴ ከሥሩ?» አለችኝ እማዬ፣ በጣም ደስ ብሏት።

ወርቅ አልነበረም።

ጥቁሩ ምንድን ነው?

በማግስቱ የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩትን አዛውንት ጠራናቸው። ጋሼ ማውዝፒሱን ወደ መስኮቱ ወስደው አገላብጠው አዩት፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩት። ከዚያ ለስለስ አድርገው «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ አይደለም» አሉ። «ብሩ ራሱ ነው የጠቆረው። እርስዎ ቆሻሻ መስሎዎት ብሩን ነው ፈግፍገው ያወጡት።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ንግግር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ብር እንደ ብረት አይዝግም። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው። በአየር ውስጥ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ድኝ ያለበት ጋዝ አለ። ከብሩ ገጽ ጋር ሲገናኝ ይዋሐድና ሲልቨር ሰልፋይድ የሚባል ስስ ጥቁር ልባስ ይፈጥራል። መጀመሪያ ቢጫ ይመስላል፤ ከዚያ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ይሆናል፤ በመጨረሻ ይጠቁራል። እርጥበት ሲኖር ይፈጥናል። እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሱፍና ላስቲክ ሁሉ ድኝ አለባቸው። ብር ቀለበት አድርገው የድኝ ሽታ ባለው ፍልውሃ የታጠቡ ሰዎች ቀለበታቸው ጠቁሮ ሲወጣ ይደነግጣሉ፤ ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ ጥቁሩ ልባስ ውስጥ ብሩ አለ ማለት ነው። ፈግፍገው ባነሱት ቁጥር ከድኙ ጋር ብሩንም ያነሳሉ። «ታዲያ የአንገት መስቀሌን ዕድሜ ልኬን በአመድ ሳሽ አይደል የኖርኩት?» አለች እማዬ፣ እና እውነቷን ነው። የድሮው የብር መስቀል ብዙውን ጊዜ ማርትሬዛ ቀልጦ የተሠራ ነው። ማርትሬዛ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፤ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መስቀሉ እስከ ውስጡ ድረስ ያው ነውና ቢፈገፈግ ቅርጹ ይሟሟ ይሆናል እንጂ ከሥሩ ሌላ ነገር አይወጣም። ማውዝፒስ ግን ነሐስ ነው። መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው በማሽን ተቀርጸው፣ ከላይ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ውፍረት ያለው የብር ቅብ ይለብሳሉ። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። እማዬ ከሥሩ ያየችው «ወርቅ» ያ ነሐስ ነበር።

ነሐሱ ብቅ ማለቱ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተጨነቅን። ማውዝፒስ ግን በቀን ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ በረጠበ ከንፈር ላይ ተጭኖ የሚቆይ ዕቃ ነው። ነሐስ ከላብና ከምራቅ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ከንፈር የሚያሳክካቸውና የሚያቆስላቸው ልጆች አሉ። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ በማሽን ለመቅረጽ እንዲመች ተብሎ የሚሠራው ነሐስ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሊድ፣ ማለትም የእርሳስ ማዕድን አለበት። ሊድ ለልጆች እንደማይበጅ ማንም ወላጅ ያውቃል። ከንፈርና ነሐስ መሐል ያለው ግድግዳ ያ ስስ ብር ነው።

ለምን በየቤቱ ይገኛል?

ምናልባት «ትራምፔት በእኛ ቤት ምን ይሠራል?» ይሉ ይሆናል። አይገረሙ። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት ተርፈው በአርመን ገዳም ይኖሩ የነበሩ 40 ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ፤ ወደውም ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ባንዶች ብዙ ነፊዎችን አፍርተዋል። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ቤት ነበራቸው፤ በየቤታቸውም መሳቢያ ነበር። ዛሬ ደግሞ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ቡድኖች ትራምፔትና ትሮምቦን የሚማሩ ልጆች አሉ። የልጅ ልጅ የአያቱን ማውዝፒስ ይዞ «ልንፋበት?» ማለቱ የማይቀር ነው።

ከመንካትዎ በፊት ይመልከቱት

ዕቃውን ወደ ብርሃን ይውሰዱትና በጣትዎ እያዞሩ ይዩት። ከንፈር የሚያርፍበትን ክብ ጠርዝ በተለይ ይመርምሩ። ሁሉም ቦታ ጠቁሮ ወይም ወይቦ ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ ብሩ አለ። ነሐስ የሚመስል ደማቅ ቢጫ፣ ሮዝ ነገር ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ግን ቅቡ እዚያ ቦታ አልቋል፤ የትኛውም ማጽጃ አይመልሰውም። ጭራውንም ይዩት፤ ወድቆ ጫፉ ከተጣመመ ወይም ክብነቱን ካጣ ትራምፔቱ ውስጥ በትክክል አይቀመጥም፣ ድምፁም ይበላሻል። ይህን የመሣሪያ ጠጋኝ በልዩ ዘንግ ሊያቃናው ይችላል። በቤት ውስጥ በመዶሻ አይሞከርም።

ማውዝፒሱ ከትራምፔቱ አልወጣ ካለ ደግሞ ፒንሳ እንዳያነሱ አደራ! የአንድ ዘመዳችን ልጅ ላይ የደረሰውን አይቻለሁ፤ አባትየው በፒንሳ ይዞ ሲጠመዝዘው ማውዝፒሱ ሳይሆን ትራምፔቱ ነው የተጠመዘዘው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማውጫ መሣሪያ አለ፤ መምህሩ ወይም ጠጋኙ ዘንድ ይገኛል፤ ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። የሚጣበቀውም ብዙ ጊዜ ልጆች በመዳፋቸው «ቧ!» እያደረጉ ስለሚመቱት ነው። ድምፁ ደስ ይላቸዋል። ይከልክሏቸው።

መጀመሪያ ሳሙና፣ ከዚያ ሌላው

ጥቁረቱን ከመንካትዎ በፊት እውነተኛውን ቆሻሻ ያውጡ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ። ከዚያ ውስጡን በቡሩሽ ማሸት። ለማውዝፒስ ተብሎ የሚሠራ ሾጣጣ ቡሩሽ አለ፤ ካላገኙ የሕፃን ጡጦ ጫፍ ማጠቢያዋ ትንሿ ቡሩሽ ሥራውን በደንብ ትሠራለች (ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጡጦው አትመለስም)። ሚስማር፣ ሽቦ ወይም የብረት ስንጥር አያስገቡ። የትራምፔት ማውዝፒስ ከጽዋው ሥር ጠባብ ቀዳዳ አለው። በብዙ ቦታ በሚታወቁት የባክ ማውዝፒሶች ላይ የቀዳዳው ስፋት 3.66 ሚሊ ሜትር ነው። የልጅዎ ትንፋሽ በሙሉ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ጭረት ቢወጣበት ወይም የምሳ ትርፍራፊ ቢደርቅበት ድምፁ ይታፈናል፤ ልጅዎም «እኔ አልችልም» ብሎ ያኮርፋል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ትርፍራፊ ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ልጄ ከክበቡ ያመጣችውን ሌላ ማውዝፒስ ስናጥብ የወጣውን ነገር እዚህ አልጽፈውም፤ መጽሔቱን ቁርስ ላይ የሚያነብ ይኖራል። ሙዚቃ ከመንፋት በፊት አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ቀላል ነገር ነው። ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ውስጡ ላይ ይጋገራሉ።

ይህን የማይሠሩ ቤተሰቦች ምን ሊገጥማቸው እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገርዎ። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ስለ አንድ ትሮምቦን ነፊ ጽፈው ነበር። ሰውየው 15 ዓመት ሙሉ ሲያስለው ኖሯል። መጨረሻ ላይ መሣሪያው ውስጥ ሲመረመር ባክቴሪያና ሻጋታ ተገኘበት። መሣሪያውን በአልኮል አዘውትሮ ማጽዳት ሲጀምር ሳሉ ለቀቀው። ልጅዎ ይህ ይደርስበታል እያልኩ አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሥር ደቂቃ ሳሙና ይበቃል እያልኩ ነው።

ብሩን ሳይነሳ ማንጻት

አሁን ወደ ጥቁረቱ። ጋሼ ያሳዩን ዘዴ ማድ ቤት ውስጥ ባለ ነገር የሚሠራ ነው፤ ልጆች ቆመው ቢያዩት ደግሞ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው።

የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ይውሰዱ። ውስጡን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ያልብሱት። በሳሙና የታጠበውን ማውዝፒስ ፎይሉ ላይ ያስቀምጡ። መነካካታቸው ግድ ነው፤ ካልተነካኩ ምንም አይሆንም። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይነስንሱበትና ግማሽ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ በቀስታ ያፍስሱ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ይበቃል። ይፈልቃል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታም ሽው ይላል። አይደንግጡ፤ ያ ድኙ ብሩን ለቆ ሲሄድ ነው። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም መስኮት ይክፈቱ። ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ያቆዩት። አንድ ጊዜ በእንጨት ማንኪያ ያገላብጡት፣ የነካው ቦታ እንዲቀያየር። ልጆች ይዩ እንጂ ውሃውን አይንኩ።

የሚሆነው ይህ ነው። አሉሚኒየሙ ብሩን ከድኙ ያላቅቀዋል፤ ብሩ በአብዛኛው ባለበት ይቀራል፣ የሚጎዳው ፎይሉ ነው። ፎይሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያያሉ። ማውዝፒሱን አውጥተው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት። ትንሽ ፈዘዝ ብሎ ሊወጣ ይችላል፤ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የድሮ ካናቴራ ብትሆን እንኳ፣ ቀስ ብለው ሲወለውሉት ይፈካል። በጣም የጠቆረ ከሆነ በአዲስ ፎይልና በአዲስ ውሃ አንዴ ይድገሙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሱቅ ሄደው «ቤኪንግ» ሲሉ የሚሰጥዎት ብዙ ጊዜ ቤኪንግ ፓውደር ነው። እሱ ውስጥ አሲድና ስታርች አለበት፤ ውሃ ሲነካው በከንቱ አረፋ ይሆናል። የሚፈልጉት ሶዳውን ነው፤ ማሸጊያው ላይ ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚል ይፈልጉ። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት የተሳሳተውን ነበር። ለኬክ ሆነ።

ይህን ዘዴ ካወቁ በኋላ የቤትዎን ብር ሁሉ ሰብስበው ወደ ሳህኑ እንዳይጨምሩ። እማዬ ወዲያው መስቀሏን አውልቃ ነበር፤ ጋሼ እጇን ያዟት። ጌጥ ያለው መስቀል በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁር ነው ሥዕሉን የሚያጎላው። ሳህኑ ውስጥ ከገባ ያም ይነጣል፤ መስቀሉ ልሙጥ ይመስላል። በሙጫ የተለጠፈ ፈርጥ ያለው ጌጥም እንዲሁ አይገባም። ሙሉ ትራምፔትም አይነከርም፤ የላይኛው ቫርኒሽ በሙቅ ውሃ ሊላቀቅ ይችላልና። ማውዝፒሱ ብቻ።

የብር መወልወያ ጨርቅ ወይም ክሬም ካለዎትስ? ይሠራል፤ ግን ያስታውሱ፣ ሁሉም በጥቂቱ ብር ያነሳሉ። ለትንሽ ውየባ ጨርቁን ሁለት ሦስቴ ማሳለፍ ይበቃል። ከዚያ በሳሙና ያጥቡት፣ የመወልወያው ቅሪት ወደ ልጅዎ አፍ እንዳይሄድ። የጥርስ ሳሙና ግን ይተዉ። ብዙ ሰው «ለጥርስ ከሆነ ለብር ምን ያደርጋል?» ይላል፤ ጥርስ ከብር ይጠነክራል፣ በሳሙናው ውስጥ ያለው ደቃቅ መፈግፈጊያ ብሩን ይጭረዋል። በወታደር ቤት የቀበቶ ዘለበት ያበራ የነበረው ብራሶም ለነሐስ የተሠራ ነው፤ ለስስ የብር ቅብ ይከብዳል። ሎሚና ኮምጣጤ ቅቡ በሳሳበት በኩል ገብተው ነሐሱን ይበላሉ። በረኪና ከሁሉም የከፋ ነው፤ ክሎሪኑ ብሩን ራሱን ያጠቃዋል። ለጀርም ብለው እንኳ አይጠቀሙበት።

ስለ ጀርም ካነሳን፣ በክበቡ ውስጥ አንድ ማውዝፒስ ለሦስት ልጅ የሚዳረስበት ጊዜ አለ። ቢቻል እያንዳንዱ የራሱ ይኑረው። ካልተቻለ በሳሙና ታጥቦ፣ በ70 ፐርሰንት አልኮል ተጠርጎ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ከደረቀ በኋላ ይተላለፍ። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ልጅ እስኪድን ድረስ ለማንም አያውስ፣ ከማንም አይዋስ። ምች ብለን የምንጠራው የከንፈር ቁስል በፀሐይ ቢባባስም የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በምራቅ ይተላለፋል።

የት ይቀመጥ?

የአባቴ ማውዝፒስ ያን ያህል የጠቆረው ለምን እንደሆነ ጋሼ ወዲያው ነው ያወቁት። መሐረቡ ዙሪያ ላስቲክ ታስሮበት ነበር፤ የተቀመጠውም ከሱፍ ካፖርቱ ጋር ነው። ሁለቱም ድኝ አለባቸው። ሌላ ሰው ደግሞ የወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ አጠገብ ያስቀምጣል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው አፉ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ይክተቱት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትገኘውን እርጥበት መሳቢያ ትንሽ ከረጢት አይጣሏት፤ እዚያ ውስጥ ትግባ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በየቀኑ የሚነፋበትና የሚጠረግ ማውዝፒስ መሆን ነው። የሚጠቁረው የተረሳው ነው።

እኛ ቤት ወደ ቀረው ጉዳይ ልመለስ። እማዬ ያልነካችውን ግማሽ በፎይሉ ስናወጣው ንጹሕ ብር ሆኖ ወጣ፤ ልጄ ጮኸች። ጠርዙ ላይ ግን ከጥቁሩ ሥር አንዲት የጨረቃ ቅርጽ ያላት ቢጫ ብቅ አለች፣ ማንም ያልፈገፈጋት። እማዬ ቀና ብላ አላየችም፤ «ይሄንንም እኔ ነኝ?» አለች ዝግ ብላ።

ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አይደሉም እትዬ። ይሄ የእሱ ነው። ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ግራ አድርጎ ነበር የሚነፋው፤ ስንት ጊዜ አለቃችን ተቆጥቶታል መሰለዎት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ከንፈሩን ሲያሳርፍ ብሩ አለቀ።»

እማዬ ተቀብላቸው ብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች።

ልጄ ልትነፋበት አትችልም፤ ነሐሱ ከንፈር በሚያርፍበት ቦታ ወጥቷል። እንደገና ብር ማስቀባት ይቻላል፤ ባለሙያ ካገኙ ቅቡ ለአፍ ለሚገባ ዕቃ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩትና መጨረሻ ላይ በደንብ እንዲያጥበው ያስጠንቅቁት፤ የቅብ ሥራው ፈሳሾች መርዛማ ናቸውና። እኛ ግን አላስቀባነውም። የጨረቃዋ ቅርጽ እንድትሸፈን ማናችንም አልፈለግንም። በጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ በእማዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ያለ ላስቲክ። ለልጄ ያገለገለ ግን ቅቡ ሙሉ የሆነ ሌላ ገዛንላት፤ ጠቁሮ ስለነበር ሻጩ በርካሽ ነው የለቀቀልን። ፎይሉን ራሷ አልብሳ፣ ሶዳውን ራሷ ለክታ አጸዳችው። ውሃውን እኔ ነኝ የቀዳሁት።

አሁን ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያስተምሯታል። ባለፈው ሳምንት ከበሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው «ወደ መሐል አምጪው እንጂ ልጄ፣ ወደ ግራ ሄደሻል» ይሏታል። ታስተካክላለች። ዘወር ሲሉ ደግሞ መልሳ ወደ ግራ ታደርገዋለች።